መጥቅዕ ሠላሳ ነው በይ

ይቺን የኮምፒውተር ፍላሽ እስቲ አሽትታት። ምንም አልሸተተህም? እኔን እስከ ዛሬ ድንብላል ድንብላል ትለኛለች። ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ጫፏ ላይ ያለው ቀይ ክርም ደብዝዟል። ክሩን ያሰረችልኝ እናቴ ናት፤ እንዳይጠፋብኝ ብላ ድንብላል በምትቋጥርበት ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። መሳቢያውን በከፈትሁ ቁጥር ያ ሽታ ይቀድመኛል። አንተ ደግሞ ዛሬ ጠዋት መጥተህ «በኮዱ መሀል ስለ አጥር የሚያወራውን ማስታወሻ ማን ጻፈው?» አልኸኝ። እኔ ነኝ የጻፍሁት። ቁጭ በልና ልንገርህ።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ተማሪ ነበርሁ፤ ሦስተኛ ዓመት። ከእኔ በላይ ኮድ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በክፍላችን አልነበረም። አሁን የምትሠራበት ይህ የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ያኔም የታወቀ ነው። ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በነፃ ይጽፉለታል፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። የቻይናውን አቆጣጠር ብትል አለው፣ የአረቡን ብትል አለው፣ የእኛ ጋ ሲደርስ ጭጭ! ተናደድሁ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ የእኛን በዓላት የሚያወጣ ኮድ ጽፌ ልለግሳቸው ቆረጥሁ።

ለምን ይከብደኛል? የመምህር ልጅ ነኝ እኮ። አባቴ ከአምበር በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ደብር ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። ፋሲካ በየዓመቱ መቼ እንደሚውል የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኛ ልጆቻቸውም ቤት ውስጥ ሌላ ስም አናውቅላቸውም። ጾም መቼ እንደሚገባ የጠፋበት ገበሬ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነበር። ከደጃችን ባለችው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያስኬዱ ይነግሩታል።

እኔን ግን አላስተማሩኝም። ሴት ልጅ ከጉባኤ አትቀመጥማ! ጉባኤው ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ገብስ አስጥቼ ዶሮ እጠብቃለሁ። ተማሪዎቹ ባንድ ድምፅ ሲያዜሙት ጆሮዬ ለቀም ለቀም ያደርጋል። መጥቅዕ የሚሉት፣ እንደ ወር ቀን የሚቆጠር ቁጥር አለ፤ የዓመቱ ፋሲካ ከእሱ ተነሥቶ ነው የሚገኘው። በአሥር ዓመቴ የዓመቱን መጥቅዕ በጣቴ አወጣ ነበር፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልሁም።

ኮዱን የላክሁት ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሲያባራ ይመለሳል፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በስምንተኛው ቀን መልስ መጣ። ኮዱን የሚገመግመው ሰውዬ የየት አገር ሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ሥራሽ ጥሩ ነው» ይላል፤ «ልክ መሆኑን ግን በምን እናውቃለን?»

በምን እናውቃለን! ደሜ ፈላ። «ከአባቴ ነው የተማርሁት፤ አባቴ የታወቁ መምህር ናቸው» ብዬ ጻፍሁለት። ዋሸሁ፤ በቃ። እሱ ደግሞ ሳይውል ሳያድር «እንግዲያው ያለፉትንም የሚመጡትንም ዓመታት አባትሽ ይፈትኑልን። አዲሱ እትም በሁለት ሳምንት ይዘጋል» አለኝ። ካልደረሰ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ኮዴ ዓለምን ሊዞር ነው ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አውርቻለሁ።

ከአስተማሪዬ ላፕቶፕ ተውሼ ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ አምበር ወረድሁ፤ ከዚያ በእግር። ዝናብ የጠገበ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ከሩቅ የተማሪዎች ዜማ። ስደርስ የኔታ መደቧ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን በየአጎዛቸው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ይህ ኮምፒውተር ባሕረ ሐሳብ ተምሯልና ይፈትኑልኝ» አልሁ።

«ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺንስ?»

ላፕቶፑን ከፍቼ ማብራት ያዝሁ። እሳቸውም አላጨናነቁኝም፤ «እሽ፣ ያለፈው ዓመት ይቅደም» አሉ።

እሳቸው ጣታቸውን ይቆጥራሉ፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን ይቀድሙት ነበር። አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሄድን፤ አንዲት ቀን አልተዛነፈም። ተማሪዎቹ «አበጀሽ!» አሉ። እኔ ምን ልበልህ፣ ከመሬት ከፍ ብያለሁ።

«አሁን ወደ ፊት» አሉ የኔታ። የሚመጣው ዓመት ልክ ሆነ። «የሚቀጥለውስ?» ተጫንሁ። ፕሮግራሙ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ከፍቼ ደግሜ ተጫንሁ፤ ጥርቅም።

«ባትሪው ነው» አልሁ።

«ባትሪው ለሌላው ዓመት ደኅና ሆኖ፣ ለዚህ ብቻ ነው የሚደክም?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«መጥቅዑን ስንት አወጣሽ?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ የሚባል ቀን ከየትኛው ወር ነው ያለ?» አሉ። «ያንን ቀን ሲፈልግ ነው የወደቀብሽ። ስሌቱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዴ አልቦ፣ አንቺ ዜሮ ያልሽው፣ ይመጣል። ያን ጊዜ መጥቅዕ ሠላሳ ነው በይ።» ቀጥለው ዓይናቸውን ከፍተው አዩኝ። «ሌላውን ሁሉ ሰምተሽ ይህን እንዴት ሳትሰሚ ቀረሽ?»

ክው አልሁ። ለካ ያውቃሉ!

«ዶሮ በሌለበት እሽ እሽ ስትይ የማልሰማ መስሎሽ ነበር?»

አሁን እኔም ሳቅሁ። አሰብ ሳደርገው ታዲያ ትዝ አለኝ፤ ተማሪዎቹ ስለ አልቦ ማዜም በጀመሩ ቀን ከምንጭ ውኃ ቅጂ ተብዬ ነበር። «ያን ቀን ውኃ ልከውኝ ነዋ፣ የኔታ» አልሁ፣ ለቀልድ።

እሳቸው አልሳቁም። ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እኔ ነኝ የላክሁሽ» አሉ። «ከአጥሩ ሥር እንዳለሽ እያወቅሁ። ገብተሽ ተቀመጪ ማለት አቃተኝ፤ ሰው ምን ይለኛል አልሁ። በድዬሻለሁ።»

አባቴ ለልጅ በድያለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ከእኔ የባሰ የደነገጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የኔታ ወደ ትልቁ ተማሪ ዞረው «ጠጋ በልላት» አሉት። ከአጎዛው ጥግ ተቀመጥሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሳያስቀሩ አስተማሩኝ። እንደማንኛውም ተማሪ ቃል በቃል እያስከተሉ አስቀጸሉኝ፣ ስሳሳትም እንደማንኛውም ተማሪ ተቆጡኝ። ኧረ እንዴት ደስ ይል ነበር!

ማረሚያው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ጽፌ ጨረስሁና ፍላሿ ላይ ጫንሁት። ኮዱ ላይ የለጋሹ ስም ይጻፋልና «የእርስዎን ስም ልጻፍ?» አልኋቸው።

«የእኔ አይደለም። ከመምህሬ ተቀበልሁ፣ እሳቸውም ከመምህራቸው። የራስሽን ጻፊ፤ ከየት እንደተማርሽው ግን አትዋሺ።»

እንግዲህ ያነበብኸው ማስታወሻ ያን ቀን የተጻፈ ነው፦ «ይህን መስመር አባቴ አስተማሩኝ፤ ሌላውን ከአጥር ሥር ነው የሰማሁት።» ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ላክሁት። ገምጋሚው ኮዱን ተቀበለ፤ ስለ ማስታወሻውም «እንዳትነኩት» ብሎ ጻፈ። ይኸው ስንት ሰው ኮዱን ሲያሻሽለው ያን መስመር የነካ የለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፕሮግራሙ የተዘጋብኝ ያ ዓመት ደረሰ። በዚያው ዓመት ጥር ሊያልቅ ሲል የኔታ ዐረፉ። በሠልስቱ ከድንኳኑ ሥር ሽማግሌዎቹ ስለ ተዝካሩ ይነጋገራሉ። አርባው ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። «ፋሲካ መቼ ነው የሚውል?» አለ አንዱ። ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ የሁሉም ዓይን፣ የእኔም ጭምር፣ ወደ መደቧ ዞረ።

አንድ ከይጁቤ ለለቅሶ የመጣ ነጋዴ ከካፖርቱ ኪስ ስልኩን አወጣና ነካ ነካ አደረገ። ፕሮግራሙን ወዲያው አወቅሁት። ሰውዬው ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ሚያዝያ አሥራ ሁለት ይላል» አለ።

ያ ትልቁ ተማሪ ቄስ ሆኗል። ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በአንጓዎቹ ላይ አስኬደ። «ልክ ነው» አለ ቆይቶ፤ «የኔታ ያሉት ነው።»

ለሦስት ቀን እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።