ሚስተር ዋልተር የተረኩት መጨረሻ

ባለፈው እሑድ ከሥራ ገብቼ እግሬን ሶፋው ላይ ሰቅያለሁ። ቴሌቪዥኑ አንድ የድሮ የካውቦይ ድራማ ያሳያል። ልጄ «እማዬ፣ ቦሪንግ ነው፤ ቻናሉን ቀይሪው» አለችኝ። ልቀይረው ስል የዳይሬክተሩ ስም ብቅ አለ። ሚስተር ዋልተር!

ወጣት ሳለሁ፣ ለፈረንጅ አገርም እንግዳ ሳለሁ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በእርጅናቸው ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። በጉልምስናቸው ሲኒማ ሠርተዋል፤ የፊልም ኩባንያው ፊት ሲነሳቸው ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ አቧራ፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል። «እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነበርኩ፤ ጠዋት የወጣው ማታ የለም» ይሉ ነበር።

ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሲኒማ ተማሪዎች የሚስተር ዋልተርን የመጀመሪያ ፊልም ሊያሳዩ ጋበዟቸው። እኔ ነዳሁ። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ተጨናንቋል፤ ዝናቡ ያካፋል። እሳቸው መንገዱን ሙሉ ክራቫታቸውን ሲፈቱና ሲያስሩ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ፊልሙ ባሏን ጥላ ስለሄደች ሴት ነበር። መጨረሻ ላይ ተመልሳ እቅፉ ውስጥ ገባች። መብራት በራ፣ ተጨበጨበ። ሚስተር ዋልተር የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ተነሡ።

«ይህን መጨረሻ እኔ አልሠራሁትም። ኩባንያው የኔን ቆርጦ ጣለና ይህን በሌላ ሰው አስቀረጸው» አሉ።

ከዚያ የራሳቸውን ተረኩልን። ሴትዮዋ እስከ በሩ ትመጣለች። ባሏ ውስጥ ሆኖ ሲያፏጭ ትሰማለች። ቆማ ታዳምጠውና፣ ሳታንኳኳ ትመለሳለች።

አንዲት ተማሪ «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ልጆች ነበሩኝ፣ የኔ ልጅ። ሰኞ ሌላ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር። ደግሞም ደክሞኝ ነበር።»

ስንመለስ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወርደን ሽሮ በላን። በርበሬው ግንባራቸውን እያላበው ሳህኑን ጠረጉት። «ያን መጨረሻ ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም» አሉኝ። የዚያ ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ አረፉ።

ቻናሉን አልቀየርኩም። ድራማው ተራ ነው፤ ተኩስ፣ ግርግር። አንድ ቦታ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ከፈረሱ ወርዶ ኮርቻውን ቀስ ብሎ ይፈታል፤ ካሜራውም ሳይቸኩል ይጠብቀዋል። ለታሪኩ ምንም አይጠቅምም። ለእኔ ግን፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ለዋልኩት ሴት፣ ሚስተር ዋልተር ሰኞ ሰኞ ያን ሥራቸውን እንዲሁ ለእንጀራ ብቻ እንዳልገፉት ገባኝ።

ልጄ ከስልኳ ቀና አለች። «ሰውዬው በጣም ደክሞታል አይደል?» አለችኝ።