ለማንም አይነገርም

ይህን የምጽፈው ይቅር ስላልኩ አይደለም። አላልኩም። ከጅምሩ ይታወቅልኝ።

ከቤታችን አራት በር አልፋ የምትኖር ሴት አለች። ፊት ለፊት እትዬ እላታለሁ፣ አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን በመከባበር አልደክምም። ያኔ የጥናት መረጃ ሰብሳቢ ነበረች። ጥናቱ ሰው በወሲብ ጉዳይ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚያስብ የሚጠይቅ ነው። ቤት በዕጣ ይወጣል፣ ከዚያ ቤት ደግሞ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። የኛ ቤት ወጣ፤ ከቤቱም እኔ ወጣሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በአካባቢው ግርግር ሁለት ዓመት ትምህርት ተበላሽቶብኝ አሥራ ሁለተኛን ገና መጨረሴ ነው።

እናቴን ወደ ጓሮ ሸኝታ በሩን ገርበብ አደረገችና የመግቢያውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። የሚሰጡት መልስ በምስጢር ይያዛል፣ ስምዎ አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም። እኔም የተማርኩ ነኝ ብዬ፣ ለጥናት ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ወንድ እንደማውቅ፣ ከጤና ጣቢያ ምን እንደምወስድ፣ ሳላገባ ስለመተኛት ምን እንደማስብ። ፊቷ አልተለወጠም። እስክሪብቶዋ ብቻ አንዳንዴ ቆም ይል ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአጣዬ ሽማግሌ ሊልክልኝ የተዘጋጀ ሰው ነበር። ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ ከቆርቆሮው ጀምሮ እንደገና የሠሩ ብርቱ ሰዎች ናቸው፤ እኔም እወዳቸው ነበር። ሽማግሌ የሚመጣበት እሑድ አለፈ። ቀጣዩም አለፈ። ስልክ ስደውል እህቱ አንስታ ወንድሟ ሐሳቡን እንደቀየረ ነገረችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ እኔ ራሴ እንደማውቀው ነገረችኝና ዘጋችው።

ያወቅኩት ወፍጮ ቤት ነው። ማሽላ ይዤ ተሰልፌ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ እኔ ያወራሉ፤ ነጠላዬን ስለተከናነብኩ አላወቁኝም። መልሶቼን ነው የሚያወሩት። በቅደም ተከተል። መጀመሪያ አንደኛውን ክፍል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ልክ መጠይቁ ላይ እንዳለው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ለምን አደረግሽው አላለችኝም። ለምን ነገርሻት አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሴትዮዋ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየለቀመች ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ወረቀቱ የሚለውን ነው የጠየቅሁሽ እቴ። ካላደረግሽው ማን ያወራዋል?» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች።

ጀውሃ ሄጄ ምግብ ቤት ተቀጠርኩ። ለከባድ መኪና ሾፌር ጥብስ አቀረብኩ፣ ኦሮምኛዬንም አሻሻልኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኜ፣ አሥራ ሁለተኛ የጨረሱና ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ሴት መረጃ ሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ያው ዓይነት ጥናት ነው። ለሥራው ፍቅር ኖሮኝ አልተመዘገብኩም። በልቤ ምን እንደነበረ አንባቢ አያጣውም።

በሥልጠናው ላይ አሠልጣኙ ትልቁን ሕግ ደጋግሞ ነገረን። የምታውቁት ሰው ቤት በዕጣ ከወጣ ለሱፐርቫይዘር ትናገራላችሁ፣ ሌላ ሴት ትሄዳለች። እጄን አውጥቼ የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ ያወራ ምን እንደሚደረግ ጠየቅሁ። ከሥራ ይባረራል አለ። ከዚያስ አልኩት። ከዚያማ ምንም አለና ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ።

ቆላውን በእግሬ አዳረስኩት። ማሾ ከሚለቅሙ ሴቶች ጋር መሬት ተቀምጬ ጠየቅሁ። ባል ራቅ ካለ የይፋት ሴት የማትናገረው ነገር የለም። አንዲት ጥርሳቸው ያለቀ እናት ጥያቄውን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሲተኛ ደስ ይልሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ» ብለው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። የእኚያን እናት ቃል ይዤ ወፍጮ ቤት ብሄድ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን ያኔ ገባኝ። ለጎረቤቴ ያለኝ ጥላቻ ግን በዚህ ባሰ እንጂ አልቀለለም።

የኛው ከተማ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ቤቷ በዕጣ ወጣ። ሱፐርቫይዘሩ ዝርዝሩን ይዞ የምታውቂው ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። በልጅነቴ ሹሩባ የሠራችኝን ሴት።

ስገባ ባሏ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛ ነው፤ ሰው ከመንገድ ማዶ ተነስቶ ሰላም የሚለው። የቤቱን ሴቶች ስም ታብሌቱ ላይ አስገባሁ፤ እሷና ልጇ ናቸው። ታብሌቱ እሷን መረጠ። እዚያ ላይ እጄ የለበትም፣ እምላለሁ። እሷ አሞኛል ማለት ጀመረች። ባሏ ግን፣ «ጠይቂያት እንጂ። ራሷስ ስትሠራው የኖረችው አይደል?» አለ፤ ኩራት ነው የያዘው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ብቻችንን መሆን አለብን» አልኩት። ወንበሩን አንስቶ በር ላይ ካለው ማንጎ ሥር ሄደ። በመስኮት ይታየናል።

መግቢያውን ማንበብ ጀመርኩ። አውቀዋለሁ እለፊው አለችኝ። ማንበብ ግዴታዬ ነው እትዬ አልኳትና አንድም ቃል ሳልዘል ቀስ ብዬ አነበብኩት። ለማንም አይነገርም የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

መጠይቁን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። የትኛው «አይ» አሥር ጥያቄ እንደሚዘጋ በቃሏ ነው። አይ፣ አይ፣ አይ እያለች ሮጠች። አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ጨረስን አይደል?» አለች።

አልጨረስንም። ታብሌቱ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ሁለት መልሶቿ አይጣጣሙም። የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም። በእሷ ጊዜ ወረቀት ነበር፤ ወረቀት ደግሞ የጻፉበትን ዝም ብሎ ይቀበላል። ይኼኛው እስኪታረም ወደፊት አይሄድም፤ እሷ ይህን አታውቅም ነበር።

«እንቢ አለኝ እትዬ። የቱን ላርመው?»

ሌላ ውሸት ብትጨምር ያልፍ ነበር። ግን ባሏ ከማንጎው ሥር ከመንገደኛ ጋር ሲስቅ ሰማችና ደነገጠች፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ እውነቱ ነው የሚቀድመው። አንዱን «አይ» ወደ «አዎ» ለወጠችው። የተዘጉት አሥሩ ጥያቄዎች ተከፈቱ።

ሁሉንም ጠየቅኋት። ሌላስ የሚለውን አንድ ጊዜ እንድንጠይቅ ነው የታዘዝነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ድምፅዋ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ በከንፈሯ ብቻ ሆነ። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። የእኔም ይወርዳል። ስንጨርስ፣ «ያኔ እኮ እኔ...» ብላ ጀመረች።

«ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን» አልኳት። መጠይቁ በዚህ ነው የሚያልቀው።

እናቴ ቤት ተመልሼ ገባሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ደግ ሆኜ አይደለም። ብናገር በሳምንት ይረሳ ነበር፤ የኔም ተረስቷል፣ ባሌ ሊሆን የነበረው ሰው ነው ያልተመለሰው። ዝም ስል ግን ገበያ ላይ ስታየኝ አፌን ታያለች። ከሰው ጋር ስስቅ መንገድ ትቀይራለች። ሕጉን ስለምታውቅ ልታስባርረኝ ትችል ነበር፤ ግን ምን ብላ ትከሰኛለች? አንድ ቀን ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስትመጣ አይቻት ባሏን አስቁሜ ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ማሾው፣ ስለ ምኑም ሳወራው ቆየሁ። እሷ ከሱቅ ጥግ ቆማ ዘንቢሏን በሁለት እጇ ይዛ ስትጠብቅ አየኋት። ደስ አለኝ።

ለእናቴ ሽንኩርት መላክ ጀመረች፣ ቀጥሎ ማንጎ። እናቴ ምን አድርገሽላት ነው አለችኝ። ጠየቅኋት አልኩ። ማንጎውን በላነው።

ባለፈው ከተማው በሙቀት ጭር ባለበት ቀትር መጣች። እናቴ አልነበረችም። አልቀመጥም አለች።

«ንገሪው» አለችኝ። «ለእሱ ካልሆነ ለወፍጮ ቤት ንገሪ። ተናገሪውና ልረፍ። ሰው ሳል ባለ ቁጥር እኔን ይመስለኛል።»

ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት፣ ፀሐዩ ይገድላል።

«አንብቤልዎት የለ እትዬ» አልኳት። «ለማንም አይነገርም።»

ግማሹን ጠጥታ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። እስከ በር ሸኘኋት። አራት በር ነው መንገዱ፤ ብዙ ቆይታ ነው የደረሰችው።