ያሶኪቺ የለሰነው ግንብ

ያሶኪቺ ለሳኝ ነበር፤ አባቱም አያቱም እንደዚያው። በየዓመቱ የመከሩ ዐውሎ ነፋስ ሲያልፍ ወገቡን በገመድ ታስሮ ከአገሩ ጌታ ግንብ አናት ይንጠለጠልና ዝናብ የላጠውን ግድግዳ በኖራ ይደፍናል። ከታች ሲያዩት ነጭ ወረቀት ላይ ያረፈ ዝንብ ይመስላል። አርባ ዓመት እንዲህ ኖረ።

ኋላ መኳንንቱ ግዛታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ አስረከቡና የአገሩ ጌታ ጓዙን ጠቅልሎ ቶኪዮ ገባ። ባዶውን ግንብ ቶሜጎሮ የሚባል እንጨት ነጋዴ በጨረታ ገዛው፤ አፍርሶ የውስጡን እንጨት ሊሸጥ።

ማፍረሱ ግን እንደ አፍ አልቀለለም። መቶ ሰው ሦስት ቀን በገመድ ቢጎትተው ንቅንቅ አላለም። ቶሜጎሮ ያሶኪቺ ደጃፍ መጣ።

«ጋሼ ያሶኪቺ፣ ከልስኑ ሥር ምሰሶዎቹ የት የት እንደሚጋጠሙ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ።»

«አላውቅም።»

«ኧረ ይተዉ! ከገዛ ገላዎ ይልቅ እሱን ያውቁታል እየተባለ?»

«አላውቅም አልኩህ! ሂድልኝ!»

ነጋዴው ሲሄድ ሚስቱ ኦሺጌ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለማን ብለህ ነው? ጌታው እንደሆነ ዞር ብሎም አላየው። ማሽላውም ነገ ያልቃል።»

«አባቴ የሞተው ከዚያ ወድቆ እኮ ነው፣ ኦሺጌ።»

«መች ጠፋኝ? ሬሳውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም?»

በማግስቱ መዶሻውን ይዞ ወጣ። በእጁ የለሰነውን በእጁ ፈነቀለው፤ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በከሰል ምልክት አደረገባቸው። መጋዝ ገባባቸው። ከቀትር በኋላ ገመዱ ሲሳብ ግንቡ አቃሰተና ተንበረከከ። የኖራው ብናኝ ከተማውን አለበሰው፤ ልጆች በረዶ ጣለ ብለው ጨፈሩ። ያሶኪቺ ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ሳል እንጂ እንባ አልመጣለትም።

እንጨቱም ገዢ አጣ። ከተማው ሁሉ ደኽይቶ ማን ቤት ይሠራል? ተፈለጠና ለሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ማገዶ ሆነ። ልስን የሚያሠራ ስለጠፋ ያሶኪቺም እዚያው እሳት አንዳጅ ሆኖ ገባ።

አንድ ቀን፣ ድሮ የግንቡ ዘበኛ የነበረውና ዛሬ ሰይፉን ሸጦ ጃንጥላ እየሠራ የሚያድረው ሽማግሌው ኩሪሃራ ከገንዳው ውስጥ ተጣራ።

«ያሶኪቺ! ውሃው በረደ እኮ፤ ጨምርበት እንጂ!»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ጨመረበት።

ማገዶው ሁለት ክረምት ቆየ። ሲያልቅ ያሶኪቺንም አሰናበቱት።