ቲትያ ከውኃ የወጣችበት ጸደይ

ሂስከ ያደገችው ከባሕር ርቆ፣ ከላም በረት አጠገብ ነው። ስለዚህ ሐርሊንገን በተባለ ወደብ ጀልባ የሚጠግነውን ዳውዌን አግብታ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ ልትኖር ስትገባ፣ አባቷ «ብርዱ ሲጀምር ትመለሻለሽ» ብሎ ሳቀባት። አልተመለሰችም። እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አሳድጋ፣ አሥራ አምስት ክረምት አለፈ።

ጀልባዋ በዳውዌ ሟች እናት ስም ቲትያ ትባላለች። ሆዷም ጎኗም ብረት ነው። አራት ነፍስ ይኖርባታል፦ ባልና ሚስቱ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ሪክስትና የሰባት ዓመቷ ይልዱ። አንዱ እንዲያልፍ ሌላው መቀመጥ አለበት። ድስቱ እንዳይንሸራተት ከምድጃው ጋር በብረት ይታሰራል። ውኃ ከወደቡ ቧንቧ በጎማ ይሞላል፤ ጎማው ውስጥ በረዶ ሲጋገር ደግሞ ዳውዌ በጄሪካን ይሸከማል። ልጆቹ ጠዋት የእንጨቱን መረማመጃ እያንኳኩ ወርደው በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በበጋ ወደ ደሴቶቹ ይወጣሉ። ባሕሩ ሲጎድል ቲትያ አሸዋው ላይ ዘና ብላ ትቀመጣለች፤ ይልዱ ወርዳ ሸርጣን ስታሳድድ ትውልና ውኃው ሲመለስ በመሰላል ትወጣለች። ሂስከ በዚህ ኑሮ ደስ ብሏት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ጠላቷ ጠብታው ነበር። የብረት ጀልባ በክረምት ያልበዋል። ከውስጥ የሰው ትንፋሽና የሾርባ እንፋሎት፣ ከውጭ የሚያንገበግብ ብርድ፤ ብረቱ በመሃል ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ፍራሹ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ይልዱ ሁለት ዓመቷ ሳለ ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር። ሐኪሙ «እርጥበት ነው» አለ። ሂስከ ያን ቀን ባሏን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ «ወይ ይሄን ቤት አሙቀው፣ ወይ ልጆቼን ይዤ አባቴ ጋ እሄዳለሁ» አለችው።

ዳውዌ አፉ ዝም ይላል፣ እጁ ይሠራል። በዚያው በጋ የውስጡን እንጨት በሙሉ ነቅሎ፣ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ብርድ የሚከላከል ወፍራም ፎም እየቆረጠ ለጠፈ። ክፍተት እንዳይኖር እያንዳንዱን ቁራጭ በቢላ ልክ አስገባ፤ እንጨቱንም መልሶ ገጠመ። ክረምት ሲመጣ ጠብታው የለም። ይልዱ ዳነች። የጎረቤት ጀልባ ሰዎች እየመጡ ግድግዳውን ሲደባብሱ፣ «እጅህ ይባረክ» ይሉት ነበር። ሂስከም ኮራች።

በየስድስት ዓመቱ ጀልባ ከውኃ ወጥታ ሆዷ ካልተመረመረ ኢንሹራንስ አይታደስም፤ ኢንሹራንስ የሌላትን ደግሞ ወደቡ አያስጠጋም። ባለፈው ሚያዝያ ተራዋ ደረሰና የወደቡ ክሬን ቲትያን አንሥቶ ጀልባ በሚጠገንበት ጓሮ ውስጥ በእንጨት ድጋፎች ላይ አቆማት። መርማሪው ባውማ የሚባሉ፣ ዳውዌን ከልጅነቱ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። በትንሽ መዶሻ ከፊት ጀምረው እያዳመጡ መቱ። ብረቱ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይመልሳል። ሂስከ ሻይ ይዛላቸው ወርዳ ቆመች። ሰውዬው መኝታ ክፍሎቹ ካሉበት ጎን ሲደርሱ ድምፁ ደነዘዘ። ደረቅ ጭቃ የሚመቱ መሰለ። ባውማ እጃቸውን አቆሙ።

«ይድገሙት» አለ ዳውዌ።

«ብደግመው ይበሳል፣ ልጄ።»

«ይድገሙት።»

ደገሙት። የመዶሻው ጫፍ ገባ። ሲያወጡት ከቀዳዳው ቡናማ ውኃ እየተንጠባጠበ በጎኗ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ዳውዌ የሪክስትን አልጋ አንሥቶ እንጨቱን ነቀለ፤ ፎሙንም ገነጠለ። የቤቱ እርጥበት ለካ የትም አልሄደም። የሚንጠባጠብበት ሲያጣ ከፎሙ ጀርባ ገብቶ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ብረቱን ሲበላ ኖሯል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ዝገቱ በእጅ ሲነኩት እንደ ዛፍ ቅርፊት ወፍራም ወፍራም ሆኖ ይነሣል። ዳውዌ አንድ እፍኝ ይዞ ወደ ባውማ ወረደ።

ሂስከ በያጅ ይጠራ እንደሆነ ባውማን ጠየቀቻቸው። ሰውዬው አልዋሿትም። «ልብስ ሲቀደድ የሚጣፈው ጤነኛ ጨርቅ ካለው ነው፤ እዚህ የሚጣፍበት የለም» አሏት። ቀጥለውም ቲትያ ወደ ውኃ እንዳትመለስ የሚያዘውን ወረቀት እያዘኑ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁሉ አንድ ይመስላሉ። ቤተሰቡ የሚሄድበት ስላልነበረው ጓሮው ውስጥ ጀልባዋ ላይ መኖሩን ቀጠለ። ወደ ቤት የሚገባው አራት ሜትር መሰላል ወጥቶ ነው። የዕቃ ማጠቢያው እጣቢ በባልዲ ይወርዳል። ለመጸዳጃ ይልዱ ቡትስ ጫማዋን አጥልቃ ጓሮውን ታቋርጣለች። ቲትያ አትነቃነቅም፤ ሂስከን ያስፈራት ያ ነበር፤ ሬሳ ላይ የምትተኛ ይመስላት ጀመር። የጓሮው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ቦታው ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ ለሌላ ጀልባ ተይዟል ብሎ ነገራት።

ስልክ መደወል የእሷ ሥራ ሆነ። በቤቶች መሥሪያ ቤት የኪራይ ቤት ጠባቂዎች መዝገብ ላይ ስማቸው የለም፤ ቤት ነበራቸዋ፣ ለምን ይመዘገባሉ? አሁን ቢመዘገቡ ወረፋው ስምንት ዓመት ነው። አንዷ ሠራተኛ በለሰለሰ ድምፅ፣ መንገድ ላይ ወድቀው ከሆነ ሌላ የሥራ ክፍል እንደሚያስተናግዳቸው ነገረቻት። ሂስከ «ገና አልወደቅንም» አለች። «እንግዲያው ሲወድቁ ይደውሉ» አለቻት ልጅቷ፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ደንቡን መናገሯ ነው። የሂስከ አባት ሞቷል፤ እርሻውም ተሸጧል።

ዳውዌ ግን በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ ፎሙን መገንጠሉን አልተወም። ጥቅም እንደሌለው ያውቃል፤ እሷም ያውቀዋል ብላ አታስቆመውም። አንድ ማታ እራት ላይ፣ ለዚህ ያበቃሁህ እኔ ነኝ ልትለው አፏን ከፈተች። ቀደማት።

«ጎረቤቶቹ እጄን ሲመርቁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከኋላው ምን አለ ብዬ አላየሁም» አለ።

«ሙቀት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ልጅሽ ታመመችብሽ። ሥራው የእኔ ነው።»

ልትከራከረው ፈለገች። ግን ጥፋቱን ብትወስድበት የሚቀረው ምንም እንደሌለ ታያት፤ ሾርባ ጨለፈችለት።

ሪክስት ያን ሰሞን ማንንም አታናግርም ነበር። ከጓደኞቿ አንዷንም ጀልባዋ ላይ አምጥታ አታውቅም፤ በር ያለው ክፍል ስጡኝ ስትል ዓመት ሆኗታል። አንድ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ልብስ ሲያጥፉ፣ «እማዬ፣ እኔ ተመኝቼ ነበር» አለቻት።

«ምን?»

«እንድትሰጥም። ባዶዋን፣ ማንም ሳይኖርባት። በገና ጊዜ ተመኘሁ።»

ሂስከ፣ ምኞት ብረት አይበላም አለቻት፤ እውነትም ነው። ልጅቱ ግን አንሶላውን ጭብጥ አድርጋ አልለቅ አለች። እናት አቀፈቻት።

ሰኔ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዳውዌ ጀልባውን የሚጠግንለት አንድ ሰው ከከተማው ውጭ ያለችውን የበጋ ማረፊያ ጎጆውን ለጊዜው እንዲገቡባት ሰጣቸው። እስከ ጥቅምት ብቻ። በክረምት የጎጆዎቹ ውኃ ይዘጋል።

ቲትያን ለብረት ዋጋ የሚቆራርጡት ሰዎች ጓሮው ሲመጡ ዳውዌ ካልሄድኩ አለ፤ ሂስከም ብቻውን አትለቀውም። ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ ጀልባዋ የማን እንደሆነች ማንም አልነገራቸውም። ምሰሶዋ አስቀድሞ ወርዷል። አንደኛው የብረት መቁረጫውን እሳት ሲያነሣ፣ «እንዲህ ያረጀማ እንደ ቅቤ ነው የሚቆረጥ» ብሎ ለጓደኛው ቀለደ። ዳውዌ ቀረብ ብሎ፣ ከፊት ቢጀምሩ ይሻላል፣ እዚያ ብረቱ ደህና ነው፣ ድጋፉ አይዛነፍባችሁም አላቸው። ልጁ አመሰገነውና ከፊት ጀመረ። ሂስከ የባሏን ክንድ ይዛ ቆመች። መኝታ ቤታቸው ያለበት ወገቧ ላይ ሲደርሱ ዳውዌ ዞር አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ጎጆዋ ጥድ መሃል ናት፤ ደረቅ፣ ጸጥ ያለች። ሪክስት በር ያለው ክፍል አገኘች፤ በሩን ግን አትዘጋውም። ይልዱ በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ላይ አገጯን አስደግፋ ቆየችና፣ «አባዬ፣ ይሄ ቤት መቼ ነው የሚዞረው?» አለች። መልሕቅ ላይ ሲያድሩ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ጀልባዋን ያዞራታል፤ ማታ በመስኮት ደሴት ያየ ልጅ ጠዋት ሲነቃ ክፍት ባሕር ያያል።

ዳውዌ የሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር። «አይዞርም» አላት ሂስከ በእሱ ፈንታ።

«ምንጊዜም?»

«ምንጊዜም።»

ይልዱ ጥዶቹን ተመለከተች። ዳውዌ ተነሣና የሰዎችን ጀልባ ሊጠግን ወደ ወደብ ሄደ፤ ሂስከም ስልኩን አንሥታ ለቤቶች መሥሪያ ቤት ደወለች። የተቀዳ ድምፅ፣ ከደዋዮች መካከል ተራዎ አሥራ ዘጠነኛ ነው፣ ይጠብቁ አላት። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀች።