ከዘፈኑ መሀል የጠፋው ሳቅ

የቴአትር ቤቱ ሰዎች "ጆሮ" ይሉት ነበር። ዕድሜ ልኩን ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ተቀምጦ፣ ድምፅ ገና ሊበላሽ ሲያስብ የሚሰማ ሰው ነበርና። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግን ያ ጆሮ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። እሁድ እሁድ ልጁ ምሳ ልትሠራለት ስትመጣ፣ አንድ አሮጌ ካሴት ቴፑ ውስጥ ይከትና ዓይኑን ይጨፍናል።

ካሴቱ ላይ ያለው ከመድረክ በቀጥታ የቀዳው፣ ሶል በሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን ስልት የተዘፈነ ዘፈን ነው። አቤት ያ ምሽት! ዘፋኟ ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ማይኩን ገፋ አድርጋ በባዶ ጉሮሮዋ ለቀቀችው። ኦርጋኑ ከኋላዋ እያንጎራጎረ ቆየና እሱም ዝም አለ። አዳራሹ ሙሉ ሰው የየራሱን ሐዘን ያስታወሰ ይመስል ነበር። ልክ እዚያ ዝምታ ላይ፣ ከበሩ በኩል አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። ትኬት ሻጯ ነበረች፤ የጆሮ ሚስት። ዘፋኟ ስንት ቀን አኮረፈች መሰላችሁ!

ሚስቱ ልጃቸው ገና ትንሽ ሳለች አረፈች። ከእሷ የቀረ ድምፅ ቢኖር ያ ሳቅ ብቻ ነው። ይህን ለልጁ ነግሯት አያውቅም፤ ስስት ይሁን ሐፍረት ለራሱም አልገባውም። እሷም አባቷ ዘፈኑን የሚወድ ነበር የሚመስላት።

በልደቱ ቀን ሁለት ስጦታ ይዛለት መጣች። አንዱ "በቀቀን" የሚሉት የድሮ ባልደረባው ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ታላላቅ ሰዎችን እያስመሰለ ሲያላግጥ አገር ያሳቀ ተዋናይ። ሁለተኛው ፍላሽ ነበር።

"ካሴትህን ስቱዲዮ ወስጄ አስጸዳሁልህ አባዬ! ሳሉ፣ ጫጫታው፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ወጥቷል። ዘፈኑ ብቻ ነው የቀረው።"

"ካሴቱስ?"

"እሱማ ማሽኑ ውስጥ ተበጣጠሰ። ያልጸዳውንም ቅጂ ምን ያደርግልሃል ብዬ አስጠፋሁት።"

አጫወተችለት። ኦርጋኑ ጥርት ብሏል። ዝምታው ጋ ሲደርስ ዝምታ ብቻ ነበር።

"ድንቅ ነው ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ" አላት። ምን ይበላት? እንዲህ ደስ ብሏት እያየ እንዴት ቅስሟን ይስበር?

እሷ ማድ ቤት ዕቃ ስታጥብ መጽሐፉን ገለጠ። መጽሐፉ ቁርጥ ጸሐፊውን ነው፤ ቀልዱ ብዙ፣ ጉራው ከዚያም የበዛ። ግማሹ ውሸት መሆኑን ቢያውቅም ብቻውን እየሳቀ አነበበው። መሀል ላይ ያ ምሽት ብቅ አለ። ለካስ በሩ ሥር ቆሞ የዘፋኟን አንገት አጠማዘዝ እያስመሰለ ትኬት ሻጯን ያሳቃት በቀቀን ኖሯል! "ከዚያ በኋላ ስንቱን አሳቅሁ፤ እንደ እሷ የሳቀልኝ ግን የለም። ሳቋን ራሱ አጥንቼው ነበር" ይላል።

ጆሮ ስልኩን አነሳ።

"በቀቀን፣ ያቺን የሚስቴን ሳቅ አሁንም ትችላታለህ?"

"አንተ ጆሮ! አለህ እንዴ? ለማን ነው?"

"ለእኔ ነዋ። እስቲ ሳቃት።"

ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በቀቀን ጉሮሮውን ጠራርጎ ሳቀ።

"ወፈረች። ቀጠን አድርጋት።" በቀቀን ደግሞ ሳቀ። "አሁን ቸኮልክ። መጀመሪያ ትንፋሿን ትስባለች፣ አፏን በእጇ ልትይዝ ትሞክራለች፣ ከዚያ ነው የሚያመልጣት።" የጆሮ ጣቶች እንደ ሥራ ዘመኑ ጠረጴዛው ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ።

በቀቀን እንደገና ሳቀ። ጆሮ እንባውን መግታት አልቻለም።

ማድ ቤት ውሃው ተዘጋ። ልጁ ወሬያቸውን ሰምታ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ቆማለች።

"የእማዬ ሳቅ" አለች። ቴፑን አየች፤ አባቷን አየች። "ካሴቱ ላይ የነበረው ሳቅ የእሷ ነበር?"

ሊዋሻት ፈለገ፤ ምላሱ እምቢ አለው። "ነበር" አላት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። በቀቀን ምንም ሳያውቅ ከስልኩ ውስጥ "እንዴት ነው? ልድገማት?" አለ።

ወደ ጠረጴዛው ቀረበች፤ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ "ይድገሟት" አለችው።