በመመሪያው መሠረት የተቃጠለ ጉርድ ፎቶ

አባቴን አላውቀውም። ጡት ሳልጥል ነው የሞተው። በሕይወቱ ፎቶ የተነሣው አንዴ ብቻ ነው፤ ሸዋ ቤንች ያለችውን የቡና መሬታችንን ሊያስመዘግብ ሲል፣ ሚዛን ሄዶ ሁለት ጉርድ ፎቶ። አንዱ ፋይሉ ላይ ተለጠፈ። ሌላውን እናቴ ሳጥን ውስጥ ብታስቀምጠው የዚህ አገር ሻጋታ በላው። "መልኩ እንዴት ነበር?" ስላት፣ "መስታወት እዪ" ትለኛለች። ኧረ ስንቴ አየሁ! ከራሴ በቀር ማንንም አላገኘሁም።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን፣ "የድሮ የመሬት ፋይል ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ወረቀቱ ሊቃጠል ነው አሉ" ብሎ ነገረን። በነጋታው እናቴን ይዤ ሚዛን፣ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዋናው ወረቀት ለካ ቀድሞ ተቃጥሏል።

"አይዞሽ እህቴ" አለኝ ሠራተኛው፤ ትሁት ወጣት ነው። "መመሪያው ኮፒው ሳይጣራ ወረቀቱ አይወገድም ይላል። አጣሪ ኮሚቴው ገጹን ሁሉ አይቶ ፈርሟል። የጠፋ ነገር የለም።" የአባቴን ስም ጠይቆኝ ኮምፒውተሩ ላይ ይፈልግ ጀመር። አባቴን ላየው ነው እኮ!

ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ወጣ። ስሙ ይነበባል፤ ማኅተሙ ይነበባል፤ አዋሳኞቹም ሁሉ ይነበባሉ። ፎቶው ግን ጠቁሯል። አንገትጌና የጆሮ ጫፍ ይታያል፤ መሀሉ ጥላሸት ነው።

"ወንድሜ፣ ፊቱስ?"

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። "ኮሚቴው የሚያጣራው... ጽሑፉ መነበቡን ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እና የሰው ፊት እናንተ ዘንድ አይቆጠርም?" ጮህኩበት።

እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ጥቁሩን በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችውና ፊቷ በራ።

"ውይ፣ እሱ ነው! ሊስቅ ሲል እኮ ፎቶ አንሺው ተቆጣው። ይኸው፣ የቅንድቡ ጠባሳ። አየሽው?"

አፈጠጥኩ፤ ዓይኔ እስኪያነባ አፈጠጥኩ። እሷ ድሮ የምታውቀውን ነው የምታየው። እኔ ከየት ላምጣው?

"አየሽው?" አለችኝ ደግማ፣ እጄን ይዛ።

"አየሁት እማዬ" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ጠባሳው በየትኛው ቅንድቡ ላይ እንደነበር እንኳ ልጠይቃት አልቻልኩም።