ሰልቢ የተባልኩ ዕለት

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች ሰሞን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ እኔ ያልከፈትኩት ፍሪጅ አልነበረም። ጥገና ሥራዬ ነው። በዚያ ሙቀት ፍሪጁ የቆመበት ሰው ዘመድ ከሞተበት ይብሳል፤ እኔንም እንደ ንስሐ አባት ነበር በጥድፊያ የሚጠሩኝ። የደንበኛ አመሉ ደግሞ አንድ ነው። «ፍሪጁ ነው የተበላሸው፤ የቤታችን መብራት ምንም የለበትም» ብሎ ይምላል። ስፈትሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ይህን እውነት በሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ስሰብክ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ አልሠራሁበትም።

ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ልጅ አልወለድንም። ጥፋቱ የባለቤቴ መሆኑን ያለ ምርመራ የደረስንበት እኔና ጎንደር ያለችው ታላቅ እህቴ ነን። እኔማ ባለሁለት በር ፍሪጅ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ! (የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሲወራ ሲወራ ሃያ ደርሷል።) እህቴ ለባለቤቴ የላከችላት ሥርና ቅጠል ቢከመር የአንድ በሬ የዓመት ቀለብ ይወጣዋል። ሁሉንም ጠጣችው። በመጨረሻ እህቴ ደወለችና «እስከ ፋሲካ ካላረገዘች ሌላ ልጃገረድ አይቼልሃለሁ» አለችኝ። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ክፍት ነበር። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር፣ ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ።

የደረሰችልን ጎረቤታችን ናት፤ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ የወሎ ሴት፣ አረብኛዋ ከሁላችንም የጠራ።

«ወላሂ እመቤቴም እንዲሁ ነበረች» አለች። «የማያም፣ የማያሳክክ የተደበቀ ኢንፌክሽን ውስጧ ተቀምጦ ኖሯል። ሁለታችሁም ተመርመሩ።»

«ሁለታችን?» አልኩ።

«ታዲያ ብቻዋን ነው እንዴ የምትተኛው፣ ጋሼ?»

ወደ አንዲት ዶክቶራ ወሰደችን፤ ሐኪሟም ያንኑ ደገመች። ኢንፌክሽኑ ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ይኖራል፤ እንቁላል የሚያልፍበትን ቀጭን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል፤ በባልና በሚስት መካከል ይመላለሳል። ስለ ተዘጋ ቀጭን ቱቦ ለእኔ ማስረዳት ለመርጌታ ፊደል ማስቆጠር ነው። ውጩ የሚያብረቀርቅ፣ አምፖሉ የሚበራ፣ ግን የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ ስንት አይቻለሁ! ባለቤቴ ናሙና ሰጠች። እኔም ብልቃጥ ተሰጥቶኝ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ እያላበኝ መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

በሳምንቱ ውጤት ልቀበል ብቻዬን ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቱን ወረቀት አይታ «ኢጃቢ፣ ሁለታችሁም» አለችኝ። የእኔ አረብኛ የገበያ ነው። ኢጃቢን የማውቃት ከጎኔ ካለው ባለሱቅ ነው፤ መብራት ጠፋ ብዬ ስነጫነጭ «ኸሊክ ኢጃቢ» ይለኛል፤ በጎ በጎውን አስብ ማለቱ ነው። እንግዲህ በጎ ከተባልን በጎ ነን! ባስታ የሚሉትን ሽሮፕ የሚያንጠባጥብ ጣፋጭ ሁለት ኪሎ ገዝቼ ግቢውን በሙሉ አበላሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤታችን ከሥራ ስትመለስ ግን ወረቀቱን አነበበችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኢጃቢ እኮ በሽታው ተገኘባችሁ ማለት ነው።»

አፉን ባስታ ያልሞላው ሰው አልነበረም። ለመዋጥም ለመትፋትም የደፈረ ጠፋ። ባለቤቴ ብቻ ተናገረች።

«ሁለታችንም ላይ?»

«ሁለታችሁም ላይ።»

በዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

መድኃኒቱን አብረን ጨረስን። ምላሴ ሥር እንዳልደብቅ «አፍህን ክፈት» እያለች ትፈትሸኝ ነበር፤ ለዚያ ሁሉ ቅጠል የበቀል ቀኗ ነው። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ስንመረመር ልጅቷ «ሰልቢ» አለች፤ የለባችሁም ማለት ነው፤ ባለቤቴ ቃሉን አስቀድማ አጥንታዋለች። ዶክቶራዋም ቱቦዎቹን በራጅ አየቻቸው። አንዱ ተዘግቷል፣ አንዱ ክፍት ነው። ተስፋ ሰጠችን፤ ዋስትና ግን አልሰጠችንም።

«ያላ፣ ደውል!» አለችኝ ባለቤቴ ከበሩ እንደወጣን። «ለደንበኞችህ የምትለውን ለእህትህም በላት።»

ደወልኩ። «እታለም፣ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። እኔም ታምሜ ኖሬያለሁ። ታከምኩና ዛሬ ሰልቢ ተባልኩ።»

ከዚያ የፋሲልን ግንብ የሚንድ ጩኸት መጣ።

«ወንድሜን! ወንድሜን ሰለቡብኝ!»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«አይዞዎት፣ እትዬ» አለች በሐዘንተኛ ድምፅ። «ምን ይደረግ፣ እኔ እንደሆንኩ ጥዬው አልሄድም።» ብላ ዘጋችው።

ፋሲካ ሳይደርስ ወሬው ጎንደርን አዳረሰ። ለተሰለበ ሰው ልጁን የሚሰጥ አባት የት ይገኛል? የታየችልኝ ልጃገረድም ሌላ አገባች። በሁለተኛው ዓመት ልጃችን ስትወለድ እህቴ ተአምር ነው ብላ እያለቀሰች ለደብሩ ባለዘርፍ ጥላ አስገባች። እስካሁን አላረምኳትም፤ ባለቤቴ አልፈቀደችልኝም።